ድኅረ ቀብድ፦ በኢሞ ስለተገዛች ቪትዝ

ከማሻና ከመካነ ሰላም ወጥቶ ጅዳ ወይም ሪያድ የከረመ ሰው ገንዘብ ሲቋጥር ሦስት ነገር ያስባል፤ ቤት፣ ሠርግና መኪና። ቤት ዓመታት ይፈጃል፣ ሠርግ ሌላ ሰው ይፈልጋል። መኪና ግን በአንድ የኢሞ ጥሪ ያልቃል። የዚህ ጥናት ጉዳይ ከጥሪው በኋላ ያለው ዘመን ነው፤ ሊቃውንት ስም ስላላወጡለት «ድኅረ ቀብድ» እንበለው።

በድኅረ ቀብድ የሚታየው ጸጸት በሁለት ይከፈላል፦ የብርና የብረት።

የብሩ ረቂቅ ነው፤ ገዥዋ እህት በወረቀት አትርፋለችና። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ግብር ሰማይ ሰቀለው፤ በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ስለዚህ እኛ ዘንድ መኪና ባረጀ ቁጥር ይወደዳል። ነገር ግን ሪያል ለአርባ ዓመት ያህል በዶላር 3.75 ላይ ንቅንቅ አላለም፤ ብር ግን በሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ 100ን አለፈ። ገዥዋ በብር ትስቃለች፣ በሪያል ታለቅሳለች።

የብረቱ ጸጸት ምንጭ ቪዲዮ ነው። ቪዲዮውን የሚያነሣው አገር ቤት ያለው የገዥዋ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከኮፈኑ ይጀምራል፣ ጎማው ላይ ይቆያል፣ ግራ የኋላ በር ጋ ሲደርስ ሰማዩን ያሳያል።

«እስኪ በግራ በኩል ዙርልኝ።»

«ኔትወርኩ ነው እታለም። አብሽሪ፣ ዶክተር ነው የያዛት።»

ይህ ዶክተር ማን እንደሆነ ጥናቱ አልደረሰበትም። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ደላላ የሸጠውን ቪትዝ ሁሉ እሱ ከነዳ ግን በሽተኛ የሚያይበት ጊዜ የለውም። «ሞተሯ ድምፅ የለውም» የሚለው ምስክርነት በአንጻሩ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል፤ አልተነሣም ነበርና።

ቪትዝ የከተማ መኪና ናት። ቶዮታ በ1991 ዓ.ም. ገበያ ሲያወጣት ጉጉፍቱን አላሰበም። ከደሴ ተነሥታ በጉጉፍቱ፣ በአቀስታ አድርጋ መካነ ሰላም እስክትደርስ ያለው ዳገትና ብርድ በአንድ ሊትር ሞተሯ አቅም የሚቻል አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት ሰፈሩ ተሰብስቦ ይገፋታል።

አሁን ወደ ዋናው ግኝት እንለፍ፤ እሱም የሰላምታ ርዝመት ነው። ብልሽቱ ከመነገሩ በፊት ወንድም ሰላምታ ያቀርባል፤ የሰላምታው ርዝመትም ከሚጠየቀው ገንዘብ ጋር ይመጣጠናል። «ደህና ነሽ?» ብሎ ካቆመ ባትሪ ነው። እንቅልፍሽስ፣ ምግብሽስ ካለ ፍሪሲዮን ተበልቷል። የአሠሪዋን ልጆች አንድ በአንድ ከጠየቀ ካምቢዮ ነው። የጅዳ ሙቀት ካሳሰበው፣ ባለፈው ያማት የነበረውን ጀርባዋን ካስታወሰና እናታቸው ዱዓ እያደረጉላት መሆኑን ከጨመረ ሞተር ወርዷል። ጀማሪ ተመራማሪ «እናታችን ልታናግርሽ ነው» ከሚለው ጋር እንዳያምታታው እንመክራለን፤ ያኛው ግጭት ነው። የሠለጠነች እህት ሰላምታውን ከመሐል አቁማ «ስንት ነው?» ትላለች። ወንድም በዚህ ይቀየማል፤ እውነትም ናፍቋት ነበር።

ሌባ እንዳልሆነም ይመዝገብ። ቪትዟን ወዷታል፣ በየቀኑ ያጥባታል፣ መስተዋቱ ላይ የእህቱን ፎቶ ሰቅሏል። ከግዥው ዕለት ጀምሮ ጎማ የገዛበት ደረሰኝ ግን የለም።

የሊብሬ፣ የቦሎና የታርጋ ጸጸት የሚባሉ ንዑስ ክፍሎች ታስበው ነበር፤ ሲመረመሩ ሁሉም «ሻጩ ስልክ አያነሣም» ወደሚል አንድ ክፍል ስለሚገቡ ትተናቸዋል።

ጅዳ ያላችሁ እህቶች፣ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ከሻጩም ከወንድማችሁም ጋር የማይተዋወቅ መካኒክ ደሴ ላይ ከፍላችሁ አሳዩ። ቪዲዮውንም ከግራ የኋላ በር አስጀምሩት።