ባለ ጭራ ኮት

የልጅ ልጄ ባለፈው ሰሞን ኔትፍሊክስ ላይ አንድ የጣሊያን ተከታታይ ፊልም አይቶ «አባባ፣ ያ ልዑል አያናድድዎትም? ከንቲባው ግን ጎበዝ ሰው ነው» አለኝ። የያዝኩትን ስኒ አስቀመጥኩ። ጎበዝ ያለው እኮ ዶን ካሎጄሮ ሴዳራን ነው! እኔ ፊልሙ የተሠራበትን መጽሐፍ፣ «ዘ ሌፐርድ»ን፣ በእንግሊዝኛ፣ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ሁለት ክረምት ታግዬ ነው የጨረስኩት። እሱ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስድስቱን ክፍል በአንድ ሌሊት ጨረሰና ፈራጅ ሆነ።

ደራሲው ጁዜፔ ቶማዚ ዲ ላምፔዱዛ ራሱ የሲሲሊ ልዑል ነበር። አሳታሚዎች አንፈልግም ብለው መልሰውለት እ.ኤ.አ. በ1957 ሞተ። በዓመቱ ታተመለት፤ በ1959 ደግሞ ስትሬጋ የሚባለውን የጣሊያን ትልቅ ሽልማት አገኘ። እኔ የጡረታ ጭማሪ ዘገየብኝ እላለሁ!

ታሪኩ የሚጀምረው በ1860 ነው። ጣሊያንን አንድ ለማድረግ የዘመተው ጋሪባልዲ ሲሲሊ ውስጥ ማርሳላ ወርዷል፣ የድሮው መንግሥት እየፈረሰ ነው። የሳሊናው ልዑል ዶን ፋብሪትዚዮ ግን ዶናፉጋታ ወደሚባለው የገጠር ቤተ መንግሥቱ እንደ ልማዱ ወርዶ፣ በገባበት ምሽት ያገሩን ሰው እራት ይጋብዛል። በዚህ ግብዣ ላይ ባለ ጭራ ኮቱን አይለብስም። ለምን ቢሉ፣ ተጋባዦቹ የላቸውም፤ እንዳያፍሩ ነው። ጨዋነት ማለት ይኼ ነበር! በዚያ ምሽት ታዲያ ልጁ እየሮጠ ገብቶ «ዶን ካሎጄሮ ደረጃውን እየወጣ ነው፤ ባለ ጭራ ኮት ለብሷል» አይለውም? ልዑሉ ጋሪባልዲ ወረደ ሲባል እንኳ እንዲህ አልደነገጠም። ሰውዬው ብቅ ሲል ነው ነፍሱ መለስ ያለችው። ጨርቁ አንደኛ፣ ሞዱም የጊዜው፤ ስፌቱ ግን የጉድ ነው። ለገንዘቡ ሳስቶ ለጂርጀንቲ ከተማ ልብስ ሰፊ ሰጥቶት ኖሯል። ከሥሩ ደግሞ ባለ ቁልፍ ጫማ። እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ባለቤቴ አእምሮዬን ትጠራጠራለች።

ሳቁ ግን አይዘልቅም። የከንቲባው ልጅ አንጄሊካ ከኋላ ትገባለች፣ የልዑሉ የእህት ልጅ ታንክሬዲ ያያታል፣ አለቀ። እሱ ስም እንጂ ሳንቲም የለውም፤ እሷ አባቷ የሚሰጣት ሀብት አላት።

«ጎበዝ ያልከው ሰው ሲሲሊ ከጣሊያን ትቀላቀል የተባለበትን ሕዝበ ውሳኔ ምን እንዳደረገው አየህ?» አልኩት ልጁን። ከተመዘገበው 515 ሰው 512ቱ ድምፅ ሰጠ ተባለ፣ 512ቱም «እሺ» አለ ተባለ። ኦርጋን የሚመታው ቺቾ ቱሜዮ «እምቢ» ብሎ መስጠቱን በራሱ አፍ እየተናገረ! ድምፁን ማን በላው?

«ልዑሉስ ለጠየቀው ሁሉ ‹እሺ በሉ› ሲል አልነበረም?» አለኝ።

ይኼን ከፊልሙ ነው የያዘው። ዝም አልኩ። እውነት ነው፣ ሴናተር ሁን ሲሉትም እምቢ ብሎ የጠቆመው ያንኑ ሴዳራን ነው።

ልጁ ይኼኔ ዓይኑን ወደ ግድግዳው አነሳ። «አባባ፣ እኛ የትኞቹ ነን?»

እዚያ የተሰቀለው የአባቴ ፎቶ ነው። ጨው ነግዶ ባገኘው ብር ያሰፋውን የመጀመሪያ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ቆሟል። ግራ ትከሻው ወደ ጆሮው ወጥቷል፣ እጅጌው ጣቶቹን ውጧል።

«ሂድ ቡና አስደግምልኝ» አልኩት። ልብስ ሰፊው አበላሸው እንጂ ጨርቁ እኮ ደህና ጨርቅ ነበር።