የቁልቢ ዳገትና የካምቢዮ ዘይት

ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ የአዲስ አበባው የብስራተ ገብርኤል ሰፈር ሰው ለሁለት ይከፈላል። ገሚሱ የሰፈሩን ታቦት አንግሦ እዚሁ ይውላል፤ ገሚሱ ስለቱን ይዞ ወደ ቁልቢ ይጓዛል። እኛ ቤት ስለት የነበረባቸው የባለቤቴ አክስት፣ እትዬ ናቸው። የተሳሉት ዣንጥላ በአንሶላ ተጠቅልሎ ከጎናቸው ተቀመጠ። ብርድ ልብሱ፣ ስንቁና የውሃ ጀሪካኑ ከነሰዉ አሮጌዋን ፕራዶ ጢም አደረጓት።

ከመነሣታችን በፊት ሰፈር ካለ ጋራዥ አስገብቼ ፍሬኑንም ጎማውንም አሳይቻለሁ። ካምቢዮዋ አውቶማቲክ ስለሆነ ኦይል ኩለር (የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ) ይጨመርላት ብዬም ጠይቄ ነበር። መካኒኩ ግን «ጋሼ፣ አዲስ አበባ እኮ ብርድ ናት፤ ኦይል ኩለር ለዱባይ ነው» አለኝ። ቅን ልጅ ነው፤ እንዲህ የሚያስበውም እሱ ብቻ አይደለም። እኛ አገር መኪና ሲሸጥ «የአውሮፓ ስታንዳርድ» ከተባለ ዋጋው ይጨምራል። በማቀዝቀዣ በኩል ግን ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የተሠራችው ብዙውን ጊዜ ትሻላለች፤ ራዲያተሯ ሰፋ ይላል፣ ለካምቢዮው ዘይትም ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ሊኖራት ይችላል። የእኔዋ ከአውሮፓ የመጣች ናት። የካምቢዮ ዘይቷ የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ሆድ ውስጥ በተቀበረች አንዲት ቱቦ ብቻ ነበር።

እስከ አዳማ በፈጣን መንገዱ ያለ ሐሳብ ሄድን። መተሐራንም አልፈን አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ፣ የነቢያት ጾም ነውና፣ ሽሮ በልተን ተነሣን። ሚኤሶን ካለፍን በኋላ ዳገቱ ሲጀምር ሰልፉም ጀመረ። በቁልቢ ሰሞን ያ መንገድ በእግሩ ከሚጓዘው ስለተኛ እስከ አይሱዙው ሁሉን ይሸከማል። በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየተሳብን ከጭሮ በላይ ስንደርስ የካምቢዮ ዘይት ሙቀት መብራት ዳሽቦርዱ ላይ በራ። የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ግን መሃል ላይ ቀጥ ብሏል። ብዙ ሾፌር የሚታለለው እዚህ ላይ ነው፤ ሞተሩ ደህና ሆኖ ካምቢዮው ሊቃጠል ይችላል።

ዳር ይዤ ቆምኩ። ማርሹን ፓርኪንግ ላይ አድርጌ ሞተሩን እንደበራ ተውኩት። የከበበን ሰው ሁሉ «አጥፋው! ውሃ አፍስስበት!» ይላል። ሞተሩ ከጠፋ ዘይቱን የሚያዞረው ፓምፕም ይቆማል፣ ሙቀቱም ባለበት ታፍኖ ይቀራል። እትዬ በመስኮት ብቅ ብለው «ተዉት ልጄን፤ የሚያደርገውን ያውቃል፤ ገብርኤልም አለ» ብለው ሰዉን ጸጥ አሰኙልኝ። ኮፈኑን ከፍቼ የዘይት መለኪያ ዘንጉን ሳብኩት። ቀይና ጥርት ያለ መሆን የሚገባው ዘይት ቡኒ ሆኗል። በጣቴ ሳሸው ጥቁር ብናኝ ተወልኝ፤ ሽታው ምጣድ ላይ የተረሳ ቂጣ ነው። መብራቱ እስኪጠፋ ጠብቀን፣ ኤሲውን አጥፍተን፣ በየመሃሉ እያረፍን ቁልቢ ደረስን። ዣንጥላውም ገባ።

አዲስ አበባ ብርድ ናት የሚለው ነገር እውነት ነው፤ ለካምቢዮ ግን ምኑም አይደለም። አውቶማቲክ ካምቢዮ እንደ ማንዋሉ በፍሪሲዮን ከሞተሩ ጋር አይያያዝም። ቶርክ ኮንቨርተር የሚባለው ክፍል ዘይትን በዘይት እየገፋ ነው ጉልበት የሚያስተላልፈው። መኪናው ተጭኖ ዳገት ላይ ሲንፏቀቅ ከሞተሩ ጉልበት ብዙው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ዘይቱ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ድረስ ይመቸዋል። ከዚያ በላይ ግን ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያጥራል ይላል ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ስሌት። በዚያ ላይ ከተማችን ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ገደማ ይሳሳል፤ በማቀዝቀዣው ክንፎች መሃል ሲያልፍም የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። የእኛ መኪና ጠዋት ከደጋ ተነሥታ ቀትር ላይ አዋሽ፣ ወደ 1,000 ሜትር ግድም ትወርዳለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ትወጣለች። ዱባይ ያለው መኪና ሙቀቱ ቢበዛበትም መንገዱ ሜዳ ነው።

አዲስ አበባ ስንመለስ ሌላ መከራ ገጠመን። ዘይቱ ተቀየረ። ከዚያ አንድ ገጣጣሚ «ትልቅ ነው የሚበጀው» ብሎ ለጭነት መኪና የሚሆን ኩለር አመጣ፤ የራዲያተሩን ቱቦ ጨርሶ ዘጋና ዘይቱን በቀጥታ ወደ አዲሱ ኩለር አዞረው። በጥር ማለዳ ብርድ ከሳር ቤት ወደ ላይ ስወጣ ካምቢዮው ማርሽ ለመቀየር ይዘገያል፣ ይደነቅፋል፣ ከፍተኛውን ማርሽ ለመያዝ ይለግማል። ዘይቱ አይሞቅማ! ከዚህ የባሰው ደግሞ ኩለሩን በፕላስቲክ ማሰሪያ ከራዲያተሩ ክንፎች ጋር አስሮት ነበር። መኪናዋ በተንቀጠቀጠች ቁጥር ማሰሪያው የራዲያተሩን ቱቦ ሲፈገፍግ ከርሞ በሳው።

መፍትሔ የሰጡኝ በቆላ ሲሠሩ የኖሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። «ልጄ፣ መኪናህ የት እንደምታድር አልጠይቅህም፤ የት እንደምትወጣና የት እንደምትወርድ ንገረኝ» አሉኝ። ከዚያ ያደረጉትን ለሁሉም እመክራለሁ። በሳሳ ሳህን የተደራረበ፣ መጠኑ መካከለኛ የሆነ ኩለር መረጡ፤ በተጠማዘዘ ቱቦ ብቻ ከሚሠራው በተመሳሳይ ስፋት የተሻለ ያቀዘቅዛል። ዘይቱ መጀመሪያ በራዲያተሩ፣ ቀጥሎ በኩለሩ እንዲያልፍ አደረጉ። መሃል ላይ ቴርሞስታት አስገቡ፤ ዘይቱ ቀዝቃዛ ሲሆን ኩለሩን ትቶ ይመለሳል፣ ሲሞቅ ይከፍትለታል። ለደጋና ለቆላ በአንድ ቀን ለሚመላለስ መኪና ዋናው ዕቃ ይህ ቴርሞስታት ነው፤ ከኩለሩ ትልቅነት ይበልጣል። ኩለሩን ከኤሲው ኮንደንሰር ፊት፣ ትንሽ ክፍተት ትተው፣ በብረት መያዣ አሰሩት። ቱቦው ትኩስ ዘይት የሚችል ነው፤ የውሃ ቱቦ ቆርጦ በፋሼታ ማሰር አደጋ ነው።

ስለ ራዲያተሩም ነገሩኝ። ብዙዎቻችን ኩላንት ትተን የቧንቧ ውሃ እንሞላለን። ውሃው ውስጡን ያዝገዋል፤ የዘይቱ ቱቦ አንድ ቀን ተበስቶ ውሃና ዘይት ይገናኛሉ። አውቶማቲክ ካምቢዮው ውስጥ ባሉት ፍሪሲዮን ሳህኖች ላይ የተለጠፈው ሽፋን ወረቀት መሰል ስለሆነ ውሃ ሲነካው ይላቀቃል። ራዲያተሩ ውስጥ ወይም መለኪያ ዘንጉ ላይ ሮዝ ወተት የሚመስል ነገር ያየ ሰው መኪናውን እዚያው ያቁማት።

ሶማሌ ተራ መብራትም፣ ፓራውልትም፣ ራዲያተርም ይገኛል፤ እኔም ደንበኛ ነኝ። ያገለገለ ኦይል ኩለር ግን አልገዛም፤ ከተቃጠለ ካምቢዮ የወጣ ከሆነ በሳህኖቹ መሃል የተቀረቀረው የብረት ብናኝ በእጥበት አይወጣምና ደህናውን ካምቢዮ ይበላዋል። የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችንን ከመንከባከብ ሌላ ምርጫ የለንም።

እናም ቁልቢም ሆነ ሰመራ፣ ጎዴም ሆነ አባይ በረሃ የምትጓዙ፣ ኩለር ከመግዛታችሁ በፊት የካምቢዮ ዘይታችሁን ቀለምና ሽታ አሳዩ። ዘይቱ ተቃጥሎ ከሆነ ኩለር ብቻውን አያድነውም። ስታስቀይሩም የመኪናው መመሪያ የሚያዘውን ዓይነት ብቻ አስሞሉ፤ ሲቪቲ የሚባለው የካምቢዮ ዓይነት ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ከገባበት ይበላሻል።