አህያዋ በነፃ ተሰናበተች

እንኳን ደስ ያላችሁ! ከቅድመ አያቶቻችን ዘመን ጀምሮ በየምድጃው ዳር ሲፈረድባትና ስትበላ የኖረችው አህያ በነፃ ተሰናብታለች። ጠበቃ አላቆመችም፣ ይግባኝም አላለችም። ያስፈቷት ኮምፒውተር ላይ የሚሥሉ ወጣቶች ናቸው። ውሳኔው በዩቲዩብ ወጥቶ በየሰዉ ስልክ ደርሷል። መዝገቡ ጠፋ የለ፣ ዳኛው ስብሰባ ላይ ናቸው የለ፣ ለሌላ ጊዜ ተቀጥሯል የለ። እኔ እንደ ልደታ ነዋሪነቴ፣ ጠዋት ጠዋት ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ፋይል ታቅፎ የሚቆመውን ሰው እያየሁ ስለምኖር፣ እንዲህ ያለ ቀልጣፋ ፍትሕ ሲገጥመኝ አለማድነቅ አልችልም።

ክሱን ለረሳ ሰው ባጭሩ ላስታውስ። ዝናብ ጠፋ፣ ምድር ደረቀች። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰብስበው "ከመካከላችን የበደለ ቢኖር ነው፤ እስቲ እንናዘዝ" ተባባሉ። አንበሳ መንደር ገብቶ በሬ መስበሩን ተናገረ። "ይሄማ ምኑ ኃጢአት ነው!" አሉት። ነብር ከመንጋዋ የተነጠለች ፍየል መብላቱን አመነ፤ ይሄም ታለፈ። ጅብ ዶሮ ሰርቋል፤ ዶሮ ደግሞ ምን ቁም ነገር አላት ተባለ። የአህያ ተራ ደረሰ። "ጌታዬ ጭኖኝ ሲሄድ ወዳጁን አግኝቶ ቆሞ ሲጫወት፣ እኔ ከመንገዱ ዳር ጥቂት ሣር ነጨሁ" አለች። ሦስቱ ተያዩ። "ለካ ዝናቡን ያስቀረሽብን አንቺ ነሽ!" አሉና ተረባርበው በሏት። ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።

ይህን መዝገብ ፈረንሣዮችም ያውቁታል። ላ ፎንቴን እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው የተረት መድበል ውስጥ ድርቁ በወረርሽኝ ተተክቷል፣ ሣሩም የመነኮሳት መስክ ላይ የበቀለ ነው፤ አህያው ግን እዚያም አልዳነም። በሁለት አህጉር፣ በማይተዋወቁ ዳኞች፣ ያው ፍርድ። ይህን ያህል የጸና ውሳኔ ሰበር ሰሚ ችሎትም ያለው አይመስለኝም። እንግዲህ የእኛዎቹ ወጣቶች የሻሩት ይህንን ነው።

ፊልሙን ያየሁት እዚሁ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ጎረቤቶቼ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም፤ እንደሱ ያለው ብዙ ስለሆነ አንዱን ነጥሎ ማመስገን ሌላውን ቅር ያሰኛል። ሲጀምር ፀሐይ ትጠልቃለች። ትጠልቃለች ስል፣ እስከ መጨረሻው ስትጠልቅ ትቆያለች፤ ብርቱካናማው ብርሃን ለሥዕሉ ስለተስማማ ማንም እንድትገባ አልፈቀደላትም። ሸንጎው የተቀመጠው ከአንድ ግዙፍ ባኦባብ ሥር ነው። ተረቱን የነገሩን ሰዎች አገር ዋርካና ግራር እንጂ ባኦባብ አልነበረም፤ ግን የአፍሪካ ፊልም ያለ ባኦባብና ያለምትጠልቅ ፀሐይ እንዴት ይታወቃል? አንበሳው ወርቃማ ጎፈር አለው። ስድስት ኪሎ የነበሩት አንበሶች ጎፈራቸው ጠቆር ያለ መሆኑን ለሥዕለኞቹ የነገራቸው የለም፤ ወይም ነግሯቸው አንበሳው ከሆሊውድ ዘመዶቹ እንዳይለይ ብለው ይሆናል።

አህያዋስ? እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ዓይኗ ሰማያዊ፣ ሽፋሽፍቷ እስከ ጆሮዋ የሚደርስ፣ ጀርባዋ ላይ ጠጉሯ አንድ በአንድ የተበጠረ። ጀርባዋ ስል አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ጭነት የለም። ኮርቻ የለም፣ ገመድ የፋቀው ቁስል የለም፣ ጌታም የለም። ከመርካቶ እስከ ጦር ኃይሎች ብትዞሩ የማታገኟት ዓይነት አህያ ናት፤ ጠዋት ተነስታ ለመዝናናት የወጣች ትመስላለች። ኑዛዜዋን ስትናገር እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፣ በእንባው ውስጥ ደግሞ የፀሐይዋ ምስል ይታያል። ይሄ ሥራ ነው፤ አይካድም። ከዚያ አንበሳው ጉሮሮውን ይጠርግና "ሁላችንም እንሳሳታለን" ይላል። ይተቃቀፋሉ። ዝናብ ይጥላል፣ ቀስተ ደመና ይወጣል፣ አራቱም እስክስታ ይወርዳሉ፤ በዚያው ትከሻ ላይ "ሰብስክራይብ" የሚል ቀይ ምልክት ይመጣል።

የስድስት ዓመቱ የቤቱ ልጅ ግን ዓይኑን ከጅቡ ላይ አልነቀለም። የጅቡ ጥርስ በእውነት ግሩም ነው፤ ብልዙ፣ ድዱ፣ ምራቁ ሳይቀር ይታያል።

"እማማ፣ ጅቡ ታዲያ ምን በላ?" አለ።

"ምንም አልበላም፣ የኔ ጌታ" አሉት አያቱ።

"ጥርሱን ለምን ሠሩለት?"

አያቱ መልስ አልነበራቸውም። ወደ እኔ ዞረው፣ "አንተ፣ ምን ሆነው ነው እንዲህ ያደረጓት?" አሉኝ።

"ልጆች እንዳይፈሩ ብለው ነው፣ እትዬ" አልኳቸው።

"እናቴ ስታወራልን ለማስፈራራት መሰለህ? አውሬ ፊት ሣር ነጭቻለሁ ብላችሁ አትናገሩ ለማለት ነው እንጂ!" አሉና እጃቸውን አወራጩ። እሳቸው በውርስ ጉዳይ ችሎት ሲመላለሱ ጫማ የጨረሱ ሴት ናቸው፤ በመስኩ የካበተ ልምድ አላቸው።

እውነቱን ለመናገር ግን ሥዕሉ ያምራል፤ ይህን ስል እያሸሞርኩ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ሥራቸው እየጠፋባቸው፣ ላፕቶፑ ሲግል በቬንትሌተር እያበረዱ፣ አስተማሪ ሳይኖራቸው ከስክሪን ላይ ተምረው ነው እዚህ የደረሱት። የዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት የኛ ሰፈር ልጆች ኤምቢሲ 3ን ሲያዩ ውለው በዓረብኛ ይጣሉ ነበር። አሁን በአማርኛ የሚናገር አንበሳ አግኝተዋል፤ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ቅሬታዬ፣ ጠጉሩን አንድ በአንድ ለማበጠር ያን ያህል ትዕግሥት ያለው ሰው፣ ተረቱ ላይ ሲደርስ መቀስ ማንሣቱ ነው።

አባባ ተስፋዬ ሳህሉን አስቡ። ቴሌቪዥን አገራችን በገባበት በ1957 ዓ.ም. የጀመሩትን የልጆች ዝግጅት ከ40 ዓመት በላይ ይዘውት ቆይተዋል። ኮርያ ድረስ ዘምተው ወታደር ያዝናኑ፣ በመድረክ ሴት ሆነው የተወኑ ሰው ናቸው፤ ስለ ውበትና ስለ ማስመሰል የሚነግራቸው አልነበረም። አንበሳ ሲያስፈልጋቸው ግን ድምፃቸውን ማጎርነን በቂ ነበር። ጎፈሩን እኛው እንሥላለን። የኔ አንበሳ አንድ ዓይኑ የጠፋ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፣ ከወንድሜ አንበሳ ጋር ግን አይመሳሰሉም ነበር። ከሳቸው በኋላ የመጣችው ቀጭኔዋ ፀሐይም የእጅ አሻንጉሊት ናት፤ እጅ ውስጧ መኖሩን ልጁ ሁሉ ያውቃል፣ ሁሉም ግን የሚያዋራው ቀጭኔዋን ነው። ዛሬ በሺህ የሚቆጠር ጠጉር ያለው አንበሳ ፊት የተቀመጠ ልጅ የሚያዋጣው ነገር የለም። ሁሉም ተሠርቶ ቀርቦለታል፤ ከሱ የሚጠበቀው ላይክ ብቻ ነው።

"አንተ ሥዕል ትጠላለህ" እንዳትሉኝ። ዌስ አንደርሰን የሚባለው አሜሪካዊ የሮአልድ ዳልን የቀበሮ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2009 ፊልም አድርጎታል። ከዚያ በላይ የተሽሞነሞነ ፊልም ማየት ያስቸግራል፤ ቀበሮው የኮርዶሮይ ኮትና ሱሪ ለብሶ እንደ ጋዜጠኛ ይንጎራደዳል፣ ቀለሙ ሁሉ የመኸር ቅጠል ነው፣ አሻንጉሊቶቹን ያንቀሳቀሱት እጆች የነኩት ጠጉር በየምስሉ ይርገበገባል። የመጽሐፉ ወዳጆች ብዙ ነገር ተጨምሮበታል ብለው አጉረምርመዋል፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ገበሬዎቹ የቀበሮውን ጭራ በጥይት ይቆርጡታል፣ ጭራውም አይመለስለትም። እንዲያውም አንደኛው ገበሬ ክራቫት አድርጎ ያስረዋል። እንግዲህ ሰውዬው ኮቱን ለጌጥ አለበሰው፤ ጭራውን ግን ለልጆቹ ሲል መልሶ አልሰፋለትም። የኛዎቹ ቢያገኙት ኖሮ ጭራው በሁለተኛው ደቂቃ በቅሎ፣ ቀበሮውና ገበሬዎቹ አብረው ዶሮ ርባታ ከፍተው ነበር።

የእውነቷ አህያ ደግሞ ቀስተ ደመና አይታ አታውቅም። በዓለም ላይ ብዙ አህያ ካላቸው አገሮች ቀዳሚዋ የኛዋ ናት። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ተከፍቶ፣ ሕዝቡ ቢያጉረመርም ጊዜ ተዘጋ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ መሪዎች፣ ከልደታ ብዙም በማይርቀው አዳራሻቸው ተሰብስበው፣ አህያን ለቆዳዋ ማረድ እንዲታገድ ወስነዋል። እንግዲህ አንበሳ፣ ነብርና ጅብ ሸንጎ ተቀምጠው ለአህያ የፈረዱላት ጊዜ ቢኖር ይኸው ነው፤ እሱም የሆነው ስንት ቆዳ በመርከብ ከሄደ በኋላ ነው። ይህን የሚሥል ቢገኝ ልጆቹ ባያፈጡ እኔን ጥሩኝ።

እንግዲህ ሥራው ከተጀመረ በግማሽ አይቅር። አለቃ ገብረ ሃናን ማንንም በነገር የማይወጉ፣ ለሁሉም ፈገግ የሚሉ ለስላሳ ሽማግሌ አድርጋችሁ ሥሩልን። ጦጣም ማታለሏን ትታ የሥነ ምግባር አሠልጣኝ ትሁን። ፍርድ ቤታችን በር ላይ ለሚሰለፈው ሰውም አንድ ትልቅ ስክሪን ይተከልለት፤ ባለጉዳዩ መዝገቡ እስኪጠራ ድረስ አንበሳው "ሁላችንም እንሳሳታለን" ሲል እየሰማ ይጽናና። ማመልከቻ የሚጽፉትና ፎቶ ኮፒ የሚያነሡት ገበያቸው ይቀዘቅዛል፤ ለነሱም እስክስታ ይከፈትላቸው።

ክፍል ሁለት በቅርቡ እንደሚወጣ ከፊልሙ ሥር ተጽፏል። አዘጋጆቹን የምለምነው አንድ ነገር ነው። አህያዋን ነፃ አውጥታችሁ ስታስጨፍሩ ጭነቷን የሆነ ቦታ አራግፋችሁታል፤ ጌታዋም ከወዳጁ ጋር የጀመረውን ጨዋታ እስካሁን ሳይጨርስ አልቀረም። እህሉ መንገድ ዳር ነው፣ ዝናቡን ደግሞ እናንተው አዝንባችሁታል፤ እባካችሁ ሳይበሰብስ አንድ ሰው ወፍጮ ቤት ያድርሰው።