ከመሬት ስንት ስንዝር?

ሀዲያ ዞን፣ ጃጁራ ውስጥ የመኪና ቁመት የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሬ ብትገዛ ጥርሱን የሚያይልህ አንድ አዋቂ ይበቃል፤ አጥር ብታጥር የሚከራከርህ ወሰንተኛህ ብቻ ነው። በግቢህ መኪና የምትበይድ ከሆነ ግን አላፊ አግዳሚው ሁሉ አጎንብሶ ሆዷን ያያል፤ ቀና ሲልም «ዝቅ ብላለች» ወይም «በዛ፣ ትገለበጣለች» ሳይል መንገዱን አይቀጥልም። ብይኑን ከሰጠ በኋላ ነው «ለመሆኑ የማን ናት?» ብሎ የሚጠይቀው።

የእህቴ ልጅ መኪና ናት። እሱ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ብየዳ ተምሯል፤ እኔ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ግቢው የእኔ ነው፤ የመብራት ቆጣሪውም በእኔ ስም ነው። የሐሳቡ ምንጭ ግን ደቡብ አፍሪካ ነው። ሀዲያና ከምባታ ውስጥ ደቡብ አፍሪካ ዘመድ የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ጊዜ ይወስዳል፤ ከእኛም ቤት የልጁ ታላቅ ወንድም ሄዶ ጆሃንስበርግ ሱቅ ከፍቷል። ከገንዘቡ ጋር ፎቶ ይልካል። ከዕለታት አንድ ቀን የላከው ፎቶ ጣሪያ የሌላት፣ ሞተሯ ከኋላ ተራቁቶ የሚታይ መኪና ነበር። ከሥሩ «ይቺ እኮ ቮልስ ናት» ብሎ ጽፎበታል።

አልዋሸም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ብሩስ ማየርስ የተባለ አሜሪካዊ ካሊፎርኒያ ውስጥ የቮልስን ወለል አሳጥሮ የፋይበር ግላስ ገላ ከጫነባት ወዲህ ዓለም ሁሉ ይህን ሥራ ተያይዞታል። የቮልስ ገላ ብሎኑ ተፈትቶ ሲነሳ ጎማው፣ መሪው፣ ካምቢዮውና ሞተሩ ወለሉ ላይ ይቀራሉ፤ ልብሷን አውልቃ መንገዷን የምትቀጥል መኪና ናት። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያኔ ኡይተንሃግ ትባል በነበረች ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1979 ስለተመረተች እዚያ ሬሳዋ ሞልቷል። እኛ የራሳችንን ያገኘነው ሆሳዕና፣ አንድ ጓሮ ውስጥ ነው። ሞተር አልነበራትም፤ ዶሮ ነበራት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ አሮጌ ብረት ሁሉ ስለተወደደ፣ ሻጩ ዶሮዎቹንም በሒሳቡ ውስጥ ሊያስገባ ቃጥቶት ነበር።

ክርክሩ የጀመረው ገላዋ በተነሳ ዕለት ነው። ልጁ ስልኩ ላይ የሚያያቸው ፈረንጆች መኪናቸውን ዝቅ ማድረግ ይወዳሉ።

«አጎቴ፣ ዝቅ ስትል መንገድ ትይዛለች» አለኝ።

«የትኛውን መንገድ?» አልኩት።

ጥያቄዬ የቀልድ አልነበረም። ቮልስ ከፋብሪካ ስትወጣ ሆዷ ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ግድም ይርቃል። ክረምት ላይ አይሱዙ በቀይ ጭቃ ውስጥ ሁለት ቦይ ቀዶ ያልፍና መሐሉ ላይ ጉብታ ይተዋል፤ ያ ጉብታ ሲደርቅ 15 ሴንቲ ሜትርን አያከብርም። ስለዚህ ከፍ ትበል የሚለው ወገን አሸነፈ። ባለቤቴ ብቻ «ቀሚሴን ሰብስቤ መሰላል ልወጣ ነው?» ብላ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች።

እዚህ ላይ የጡረታ ዘመኔ ደስታ ተጀመረ። ቮልስ ከኋላዋ ባሌስትራም ሱስታም የላትም። በቱቦ ውስጥ የተደበቀ፣ ጎማው ሲነሳ የሚጠማዘዝ ቶርሽን ባር የሚባል የብረት ዘንግ ነው የተሸከማት። የዘንጉ አንደኛው ጫፍ 40 ጥርስ አለው፣ ሌላኛው 44። ልጁ አንድ ጥርስ ባዞረ ቁጥር መኪናዋ ወይ ሰማይ ትሰቀላለች ወይ መሬት ትልሳለች። ጠመኔ አስመጣሁና በሩ ላይ ጻፍኩለት፤ 360 ለ40 ሲካፈል 9 ዲግሪ፤ 360 ለ44 ሲካፈል 8 ከምናምን። ውስጡን አንድ ጥርስ ወደዚህ፣ ውጭውን አንድ ጥርስ ወደዚያ ብታዞር ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ ያንሳል። ጀርመኖቹ ቁጥሮቹን ያለያዩት ለዚሁ ነው። በዚህ ዘዴ ቁመትን በጣት ውፍረት መወሰን ይቻላል። ልጁ በሩን ፎቶ አንስቶ ለወንድሙ ላከ፤ ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ክብር ሰጥተውኝ አያውቁም።

ከፍ አደረግናት። ከፍ ስትል ግን የኋላ ጎማዎቿ ራሳቸውን ወደ ውጭ ገፍተው እግራቸውን ወደ ሆዷ ሰበሰቡ። የአሮጌ ቮልስ የኋላ ሸሚያስ የሚታጠፈው ካምቢዮው ጋ ብቻ ስለሆነ፣ ገላው ሲነሳ ጎማው አብሮ ይዘማል። ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ኩርባ ላይ በፍጥነት ከገባህ የውጭው ጎማ ከሥርህ ሊታጠፍ ይችላል። ራልፍ ኔደር የተባለው አሜሪካዊ ጠበቃ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ኮርቬር በምትባል መኪና ላይ የጮኸው በዚሁ ዓይነት አሠራር ነው። «ትገለበጣለች» እያሉ ያለፉት ሰዎች መጽሐፉን ሳያነቡ ከኔደር ጋር ተስማምተዋል።

ከዚያ ሞተር ገባ። የቮልስ የራሷ የ1,200 ሲሲ ሞተር 34 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ስለሚያጣ፣ ከ34ቱ ፈረሶች ስድስት ሰባቱ ሆሳዕና ሳይደርሱ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ልጁ ይህን ሰበብ አድርጎ ከተጋጨች ቶዮታ የወጣ ሞተር ገዛ። ቶርኖ ቤት ማገናኛ ላሜራ አስቆርጦ ከካምቢዮው ጋር አጋጠመው። የቮልስ ሞተር በ4 ብሎን ካምቢዮው ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው፤ የራሱ መቀመጫ የለውም። ቶዮታው ከባድ ነው፤ የሚቀመጠውም ከኋላ ጎማዎቹ ወዲያ ነው። ክሪኩ ሲወርድ ያ ሁሉ የጥርስ ሒሳብ ገደል ገባ። መኪናዋ ለመነሳት እንደ ሰነፈች ላም በኋላዋ ቁጭ አለች፤ ቅድም እግራቸውን ሰብስበው የነበሩት ጎማዎች አሁን ዘረጉ። ለካ ቁመቱን የሚወስነው ሞተሩ የተሰቀለበት ቦታ ኖሯል! ከዚያ ወዲያ ሁለቱን ለያይተን አልተነጋገርንም።

ልጁ ጭራውን ለመደገፍ አንጎላሬ ቆርጦ ሞተሩን ከወለሉ ጋር በየደው። ብረት በብረት። ቁልፉ ሲዞር ጃጁራ ሰማች። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለቴ ይገፋል፤ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር በሴኮንድ ወደ 27 ጊዜ ይነዝራል ማለት ነው። መሪውን የያዘ ሰው ስሙን አስተካክሎ መጥራት አቃተው። ዳዶዎች ራሳቸውን እየፈቱ ሣር ውስጥ ገቡ፤ እንኳን ዳዶው፣ የልጁም የላይኛው ጥርስ ነቅነቅ ብሎ ነበር።

መድኃኒቱ ጎሚኒ ነው፤ ሞተሩንና ብረቱን የሚያስታርቅ የላስቲክ ሽማግሌ። ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1931 ፕሊማውዝ ላይ ሞተሩን በላስቲክ ሲያስቀምጠው «ተንሳፋፊ ኃይል» ብሎ ሸጦታል፤ በዓመቱ የፈረንሳዩ ሲትሮየን መብቱን ገዝቶ ዓርማው ላይ ዝይ የመሰለች የውሃ ወፍ አስቀመጠ። እኛ ዘንድ የመጣው በበረባሶ ሠሪ በኩል ነው። የአይሱዙ ጎማ ይዞ ቀረበና ቢላውን እየሳለ «ቁጥሩ ስንት ነው?» አለ። አርባ ሁለት አልነው። የቆረጠልን ሸራ ያለበት ወፍራም ላስቲክ፣ በመሐሉ ብሎን አልፎ፣ ከላይና ከታች ሮንዴላ ተደርጎለት ሞተሩን አስተኛው። የመጀመሪያው ለስላሳ ሆኖ ፍሪሲዮን ሲለቀቅ ሞተሩ እየዘለለ ገመዱን ይጎትት ነበር፤ ጠንከር ያለው ግን እስከ ዛሬ አለ። የተረፈውን ላስቲክ እግሬ ላይ አድርጌዋለሁ።

ፈተናውንም ከሲትሮየን ተዋስን። ቡላንዤ የተባለው አለቃ ለገበሬ የምትሆን መኪና ሲያዝ፣ ሁለት ሰውና 50 ኪሎ ድንች ጭና፣ በታረሰ ማሳ ላይ አንድ ቅርጫት እንቁላል ሳትሰብር የምታልፍ ትሁን ብሎ ነበር ይባላል፤ ዱሼቮ የተባለችው መኪና እ.ኤ.አ. በ1948 ለሕዝብ የታየችው ከዚያ ትእዛዝ ተወልዳ ነው። ባለቤቴ እንቁላሉን ከለከለች፤ «የፈረንሳይ ዶሮ ትጣል» አለች። ድንቹን ሰጠችን። ግማሽ ኩንታል ድንች ደግሞ እዚህ አገር ጭነት አይባልም፤ ስለዚህ ጎረቤቶች ቆጮና ራሳቸውን ጨመሩበት። የታረሰ ማሳ አልጠፋም። መኪናዋ አለፈች፤ ጉብታውንም አልነካችም።

አውራ ጎዳና ላይ አትወጣም። ተሽከርካሪ የሚመዘገበው በአዋጅ ነው፤ ሻንሲዋ የቮልስ፣ ሞተሯ የቶዮታ፣ ጎሚኒዋ የበረባሶ የሆነች መኪና በየትኛው ሊብሬ ላይ እንደምትጻፍ መዝጋቢውም እኛም ተያይተን ዝም እንላለን። እስከዚያው ከማሳ ድንች ታወጣለች፤ የሙሽራ መኪና ትሁንልን ያሉም አሉ፣ ሙሽራዋ ግን አልተጠየቀችም።

የቀረው አንድ ነገር ነው። መኪናዋ ወደ ግራ ታጋድላለች። ዘንጎቹ ሲሠሩ በየወገናቸው አስቀድመው ስለሚጠማዘዙ የቀኙ ለግራ አይሆንም፤ የእኛዋን ፈተን ስናይ ከእኛ በፊት የነበረ ሰው በግራዋም የቀኝ ከቶባታል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በጓሮህ ዶሮ የሚያድርባት ቮልስ ካለችህ፣ ዶሮዎቹን አስነሥተህ ከኋላ በግራ በኩል ያለውን ዘንግ ጫፍ እይልን። የግራ መሆኑን የሚናገር ምልክት ካለበት ይዘህ ጃጁራ ና። በዋጋው እንስማማለን፤ የሀዲያው ምግብ፣ አታካናው፣ ከእኛ ነው።