ከቨርና ኦሪጅናልን አሳስቶ ለመፍረድ ስድስት ምክሮች

አንድ የታወቀ ዘፈን በሌላ ድምፃዊ ተሠርቶ በወጣ ቁጥር አድማጭ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን ኦሪጅናሉን የሚተካው የለም ሲል ሌላው አዲሱ ይበልጣል ይላል። ክርክሩ የሚገባ ነው፤ ለዘፈኑ የማይከራከር ሕዝብ ዘፈኑን የረሳ ሕዝብ ነው። የሚያሳዝነው ፍርዱ ብዙ ጊዜ ከማድመጥ አለመምጣቱ ነው። ከልማድ፣ ከዘፈኑ ዕድሜ፣ ከቀረጻው ጥራት ወይም ከድምፃዊው ዝና ይመጣል። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ከቨር የአንድ ግጥምና ዜማ ሌላ ንባብ ነው፤ ኦሪጅናሉም የመጀመሪያው ንባብ ነው። ስለዚህ አንዱን ከሌላው ለማስበለጥ የሚያበቃው ጥያቄ «ድምፃዊው በዜማውና በግጥሙ ውስጥ ምን አገኘ?» የሚለው ብቻ ነው። ይህን ጥያቄ ሸሽቶ መፍረድ ለሚሻ ሰው ስድስት መንገዶች አሉ። እያንዳንዱን በምክር መልክ፣ ወዴት እንደሚያደርስም ጨምሬ አስቀምጣለሁ፤ ብዙዎቻችን ሳናስተውል የምንሄድባቸው ናቸውና።

የመጀመሪያው ምክር፦ ቀድመው የሰሙትን ኦሪጅናል ብለው ይያዙ። ማጣራት ስለማይጠይቅ ከሁሉ ይቀላል። ጆሮ መጀመሪያ የለመደውን ፍጥነትና የድምፅ አወጣጥ ልኩ ያደርገዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ሁሉ ወይ የዘገየ ወይ የቸኮለ ይመስለዋል። የሊዮናርድ ኮኸንን «ሃሌሉያ» እንውሰድ። ካናዳዊው ገጣሚና ድምፃዊ ዘፈኑን እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው «ቬሪየስ ፖዚሽንስ» አልበሙ ሲያሰማ፣ ኮሎምቢያ የተባለው ኩባንያው አልበሙን አሜሪካ ውስጥ ለማውጣት እንኳ አልፈለገም። በ1991 የዌልሱ ሙዚቀኛ ጆን ኬል ከኮኸን ብዙ ስንኞች አስልኮ፣ የመሰለውን መርጦ በፒያኖ ዘፈነው። ጄፍ በክሊ ዘፈኑን የተማረው ከኬል ነው፤ በ1994 «ግሬስ» በተባለው አልበሙ በኤሌክትሪክ ጊታር ሲጫወተውም የኬልን የስንኝ ምርጫ ተከትሏል። ዘፈኑን በበክሊ ድምፅ የተዋወቀ ሰው ዛሬ ወደ ኮኸን ሲመለስ ወፍራም ድምፅ፣ የኪቦርድ ጀርባና የአጃቢዎች ኅብረት ይሰማና ዘፈኑ የተበላሸ ይመስለዋል። እንዲህ ሲሆን የደራሲውን ሥራ እንደ ቅጂ፣ የቅጂውን ቅጂ ደግሞ እንደ ምንጭ ቆጠረ ማለት ነው። በክሊን መውደዱ ትክክል ነው፤ እኔም ያ ሥራ ታላቅ ንባብ መሆኑን አምናለሁ። ስህተቱ እሱ ከዘፈኑ ጋር የተዋወቀበትን ቅደም ተከተል ዘፈኑ የተሠራበት ቅደም ተከተል ማድረጉ ነው።

ሁለተኛው ምክር፦ ምንጊዜም ቀድሞ የወጣው ይበልጣል ብለው ይደምድሙ፤ ወይም ምንጊዜም አዲሱ ይሻላል ይበሉ። ሁለቱም አንድ ናቸው፤ በቀን መቁጠሪያ መፍረድ ነው። የዚህን መንገድ ከንቱነት ለማየት ሁለት የአሜሪካ ዘፈኖችን ጎን ለጎን ማድመጥ ይበቃል። ኦቲስ ሬዲንግ «ሪስፔክት»ን ደርሶ በ1965 ሲያወጣ፣ የሚናገረው ሥራ ውሎ ወደ ቤቱ የሚገባና አክብሮት የሚለምን ወንድ ነበር። በ1967 አሬታ ፍራንክሊን ዘፈኑን ስትወስደው ተናጋሪዋ ሴት ሆነች፤ ልመናውም ጥያቄ ሆነ። የርዕሱን ፊደላት አንድ በአንድ እየቆጠረች የምትጠራበት ክፍል በሬዲንግ ሥራ ውስጥ የለም። ከኋላ የሚያጅቧት እህቶቿ ኤርማና ካሮሊን ናቸው፤ መሐል ላይ የሚገባው የኪንግ ከርቲስ ሳክስፎንም አዲስ ነው። ዘፈኑ የሴቶችና የጥቁሮች መብት ትግል ድምፅ ለመሆን የበቃው በዚህ ንባብ ነው። አሁን «ሃውንድ ዶግ»ን እንይ። ጄሪ ሊበርና ማይክ ስቶለር ለቢግ ማማ ቶርንተን የጻፉት፣ በ1953 የወጣ፣ አንዲት ሴት የማይረባ ወንድን ከደጇ የምታባርርበት ዘፈን ነው። ኤልቪስ ፕሪስሊ በ1956 ሲዘፍነው ቃላቱ ተለውጠው ነበር። ተናጋሪዋም በወንድ ስለተተካች የሚባረረው ሰው ጠፍቶ ውሻው ብቻ ቀረ። የኤልቪስ ጉልበትና የከበሮው ምት አይካድም፤ የነገሩ ቁም ነገር ግን ከቶርንተን ጋር ቀርቷል። በሁለቱም ዘፈኖች የተናጋሪው ጾታ ተቀይሯል፤ በአንዱ ከቨሩ አዲስ ትርጉም አገኘ፣ በሌላው ነባሩን ጣለ። ይህን ልዩነት የትኛውም ዓመተ ምሕረት ሊነግረን አይችልም።

ሦስተኛው ምክር፦ ነጥብ የሚሰጡት ለመመሳሰል ይሁን። እንደ «ባላገሩ አይዶል» እና «ፋና ላምሮት» ባሉ የድምፅ ውድድሮች ወጣቶች የታወቁ ዘፈኖችን ሲጫወቱ ከተመልካች አፍ ቶሎ የሚወጣው ሙገሳ «ቁርጥ ጥላሁንን!» ወይም «ቁርጥ አስቴርን!» የሚል ነው። እርግጥ መምሰል ትምህርት ቤት ነው። ማሲንቆ የሚማር ልጅ የመምህሩን ጣት ይከተላል፤ ጥላሁን ገሠሠን የሚያህል ድምፃዊ አስመስሎ መዝፈንም ትንፋሽንና ቅላፄን ያሠለጥናል። ይህን ለጀማሪ የሚመክር ሰው ትክክል ነው። መመሳሰል የመጨረሻው ሚዛን ሲሆን ግን ውድድሩ ገና ሳይጀመር አልቋል፤ በዚያ ሚዛን ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ የሚችለው ኦሪጅናሉ ብቻ ነውና። ስለዚህ ወጣቱ ድምፃዊ ጥላሁን በረገጠው ቃል ላይ ይረግጣል፣ እሱ በሳበው ላይ ይስባል፣ እሱ ባረፈበት ያርፋል፤ ግጥሙ ለራሱ ምን እንዳለው ግን አልጠየቀም። አድማጭ ሊጠብቅ የሚገባው ሌላ ነገር ነው። ድምፃዊው ከዚህ በፊት ማንም ሳያጠብቀው ያለፈውን ቃል አጠበቀ ወይ? ሌላው በጩኸት የወጣበትን ቦታ እሱ ዝቅ ብሎ ሲገባበት ስንኙ የበለጠ ጎዳን ወይ? ለዚህ አዎ የሚል መልስ ካለ፣ ድምፁ ምንም ባይመሳሰል ከቨሩ ተሳክቷል።

አራተኛው ምክር፦ ቀረጻው የጠራውን ይምረጡ። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ ሬከርድስን ከጀመረ በኋላ በአዲስ አበባ የወጡት ሸክላዎች ባንዱ አንድ ላይ ቆሞ የተጫወታቸው ነበሩ። ከአብዮቱ በኋላ ሰዓት እላፊው የምሽት ክበቡን ሲያዳክም ካሴት ሸክላን ተካ፤ ካሴትም ከካሴት ሲገለበጥ በየቅጂው ሹክሹክታው እየጨመረ፣ የላይኛው ድምፅ እየደበዘዘ ሄደ። ዛሬ አንድ ዘፈን እያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻው ተቀርጾ ሲወጣ ጆሮ ያለ ድካም ይቀበለዋል፤ አድማጩም አዲሱ ይበልጣል ይላል። እሱ ግን ያወዳደረው ሁለት የቀረጻ ዘመኖችን ነው። የፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የዚያን ዘመን ሥራዎች በሲዲ ሲያወጣ፣ ከሹክሹክታው በታች ምን ያህል ጥንቃቄ ያለበት ቅንብር እንደነበረ ተሰማ። የተቃራኒው ስህተትም አለ፤ የሸክላውን ንቃቃት ራሱን እንደ ነፍስ የሚቆጥር፣ የጠራ ድምፅ ሁሉ ባዶ የሚመስለው አድማጭ አለ። ሁለቱም አቧራውን ነው የሚያደምጡት። በዚህ ረገድ ሊነሣ የሚገባው ቁም ነገር ቅንብሩ ነው። በድሮው ሥራ ድምፃዊው ስንኙን ሲጨርስ ትራምፔትና ሳክስፎን ይመልሱለታል፤ ነፊዎቹ ሰዎች ስለሆኑ ትንፋሽ ይወስዳሉ፣ ትንሽ ይዘገያሉ፣ ይቀድማሉ። ያ ምላሽ በኪቦርድ ሲተካ ኖታው አንድ ሆኖ ንግግሩ ሊጠፋ ይችላል። ይህን ሰምቶ ኦሪጅናሉን የመረጠ ሰው በቂ ምክንያት አለው። አዲሱ አቀናባሪ በዚያ ክፍት ቦታ ሌላ የሚናገር ነገር ካስገባበትም አዲሱን መምረጥ እኩል የተገባ ነው።

አምስተኛው ምክር፦ ማንኛውም ዘፈን አንድ ኦሪጅናል አለው ብለው ይነሡ። ይህ ምክር ትዝታ ላይ ሲደርስ ይሰናከላል። ትዝታ የቅኝት ስም ነው፤ የዘፈንም ስም ነው፤ የመጀመሪያ ደራሲው ግን አይታወቅም። ማህሙድ አህመድ፣ በዛወርቅ አስፋው፣ አስቴር አወቀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ትዝታ አላቸው። ጌታቸው ካሳ በዝግታም በፈጣን ምትም ተጫውቶታል፤ ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ ያለ ድምፃዊ በመሣሪያ ብቻ አስደምጦታል። ማንም የበዛወርቅን ትዝታ የማህሙድ ከቨር ነው ብሎ አያውቅም። አድማጭ የሚጠይቀው ማን ቀደመ ብሎ አይደለም፤ ማን ምን ስንኝ አመጣ፣ ማን የት ላይ አንጎራጎረ፣ የማን አንጀት ይበላል ብሎ ነው። ይህ የበሰለ አደማመጥ ነው፤ በቤታችን ያለም ነው። ደራሲያቸው ወደሚታወቅ ዘፈኖች ስንሻገር ግን ይህን ጆሮ ደጅ ትተነው እንገባለን። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ያስፈልጋል። ትዝታ የሁሉም ስለሆነ ዘፈን ሁሉ የማንም አይደለም ብሎ ማሰብ ሌላ፣ ከቀደሙት የከፋ ስህተት ነው።

ስድስተኛው ምክር ወደዚያ ስህተት በቀጥታ ይወስዳል፦ የደራሲውን ስም አይጠይቁ። ደቡብ አፍሪካዊው ሰለሞን ሊንዳ «ምቡቤ»ን ከቡድኑ ጋር በጆሃንስበርግ የቀረጸው በ1939 ነው። ዜማው ባሕር ተሻግሮ በ1961 ቶከንስ በተባሉ የአሜሪካ ድምፃውያን «ዘ ላየን ስሊፕስ ቱናይት» ተብሎ ዓለምን አዳረሰ፤ በዓመቱ ሊንዳ በድህነት ሞተ። ቤተሰቦቹ ተሟግተው በስምምነት ክፍያ ያገኙት በ2006 ነው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ ነው። የቶከንስን ሥራ መውደድ ወንጀል አይደለም፤ ወደውት ሳለ ምንጩን አለመጠየቅ ግን በበደሉ መተባበር ነው። የተገላቢጦሹም አለ። በአሜሪካ ሕግ ራዲዮ ዘፈን ሲያስተላልፍ የሚከፍለው ለደራሲው እንጂ ለድምፃዊው ስላልሆነ፣ አሬታ ፍራንክሊን ያን ሁሉ ትርጉም ለሰጠችው «ሪስፔክት» ከራዲዮ ስርጭቱ የድምፃዊነት ክፍያ አልነበራትም። በእኛ አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሁለቱንም መብት ያውቃል። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል፤ በስሙ የመጠራት መብትም አለው። ሆኖም በየዝግጅቱ ዘፈን የሚታወጀው በድምፃዊው ስም ብቻ ነው። በዋልያስ ባንድ የሚታወቀውንና በውጭ ባንዶች ደጋግሞ የተሠራውን «ሙዚቃዊ ስልት» የሚወድ ስንቱ ሰው ዜማው የግርማ በየነ መሆኑን ያውቃል? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ የሚውለው ግን የሚጠራው ሲኖር ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው። አንደኛው፣ የወደድኩትን ወደድኩ፣ ለጆሮዬ ምክንያት አልቆጥርም የሚል ነው። ለመውደድ በእርግጥ ምክንያት አያስፈልግም። «እወደዋለሁ» ያለ ሰው ስለ ራሱ ተናግሯል፤ ማንም አያርመውም። «ይበልጣል» ያለ ሰው ግን ስለ ሁለት ሰዎች ሥራ ተናግሯል፤ ስለ ሰው ሥራ የሚናገር ደግሞ ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ኦሪጅናሉ ዘመኔን፣ ወጣትነቴን፣ የተሰደድኩበትን ቀን ይዟል፣ ያንን ምን ከቨር ሊመልስልኝ ይችላል የሚል ነው። ዋሺንግተን ወይም ሪያድ ሆኖ የጥንቱን ካሴት ለሚያደምጥ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እኔም አክብሬ ነው የምሰማው። ግን ያ ሀብት ያለው በአድማጩ ሕይወት ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ያልተወለደን ድምፃዊ ያንን አላመጣህም ብሎ መክሰስ ፍትሕ አይሆንም። ደግሞም ዛሬ ከቨሩን የሚሰማው ልጅ የራሱን ወጣትነት በዚያው ዜማ ላይ እያሳደረ ነው። ዜማው ከአንድ ትውልድ የሚያልፈው እንዲህ ነው፤ አንድ ድምፅ ብቻ የያዘው ዘፈን ከዚያ ድምፅና ከአድማጮቹ ጋር ያረጃል።

እንግዲህ ስድስቱን ምክሮች ገልብጦ መሥራት ነው። የደራሲውን፣ የአቀናባሪውንና የመጀመሪያውን ድምፃዊ ስም ማወቅ፤ ኦሪጅናሉን የቀረጻውን እርጅና ታግሶ እስከ መጨረሻው ማድመጥ፤ ከዚያ ከቨሩን ያለ ንጽጽር ለብቻው መስማት። በመጨረሻ ማን እየተናገረ እንደሆነ፣ የትኛው ቃል እንደ ከበደ፣ ቅንብሩ ምን እንደ ጨመረ ወይም እንደ ጣለ መጠየቅ። ከዚህ በኋላ ኦሪጅናሉን የመረጠ ሰው ምርጫው የትዝታ ምርኮኛ አያሰኘውም፤ ከቨሩን የመረጠም የቀደሙትን የናቀ አይባልም። ድምፃውያንም ከእንዲህ ያለ አድማጭ ይጠቀማሉ። መምሰል ብቻ እንደማያስጨበጭብ ካወቁ ግጥሙን ደግመው ያነባሉ፤ የደራሲውን ስም የሚጠይቅ ሕዝብ እንዳለ ካወቁ ሳያስፈቅዱ አይዘፍኑም፣ ስሙንም ሳይጠሩ መድረክ ላይ አይወጡም። የአድማጭ ፍርድ ዋጋ ያለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ነገ ምን ዓይነት ዘፈን እንደሚሠራልን የምንወስነው ዛሬ በምናጨበጭብበት ነገር ነው።