ስለ ጅምር ሹራቦች የወጣ አዋጅ

ስሚ! ስሚ! ያልሰማሽ ስሚ፤ የሰማሽ ላልሰማችው አሰሚ! መርፌ ይዘሽ እየቆጠርሽ ያለሽ ግን ረድፍሽን ጨርሰሽ ስሚ።

አዋጅ ቁጥር 4
(ቁጥር 1፣ 2 እና 3 ተጀምረው ስላላለቁ)

መግቢያ

ክረምት በገባ ቁጥር ሰማዩ ሲጠቁር፣ ቆርቆሮው ሲንኳኳና ቡናው ሲቆላ ሹራብ የመሥራት ተነሳሽነት በከፍተኛ ደረጃ እያሻቀበ፣ የመስከረም ፀሐይ ብቅ ስትል ደግሞ በዚያው ፍጥነት የሚያሽቆለቁል መሆኑ በተደጋጋሚ ስለተረጋገጠ፤

በቁም ሣጥን፣ በአልጋ ሥርና በየፌስታሉ እጅጌ ያልተቀጠለላቸው ሹራቦች፣ አናት የሌላቸው ኮፍያዎችና ጓደኛ ያላገኙ ነጠላ ካልሲዎች ተከማችተው የቤቱን የመሬት አጠቃቀም ፕላን ያዛቡ በመሆኑ፤

የመንዝ ሰው በገዛ በጉ ጠጉር ባና ሠርቶ የደጋውን ቁር ሲመክት፣ የእኛ ጅምር ግን እንኳን ለቁር በበር ስንጥቅ ለሚገባ ንፋስም የማይበቃ ሆኖ በመገኘቱ፤

እ.ኤ.አ. በ1589 ዊልያም ሊ የተባለ እንግሊዛዊ ካልሲ የሚሠራ ማሽን ፈልስፎ ለቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ባቀረበ ጊዜ፣ ንግሥቲቱ በእጃቸው ሠርተው የሚያድሩ ድሆች እንጀራቸውን እንዳያጡ ሰግተው የባለቤትነት መብቱን እንደከለከሉት ስለሚነገር፤ ንግሥት የተሟገተችለትን ሙያ እኛ በፌስታል ቋጥረን ማስቀመጣችን ተገቢ ሆኖ ስላልተገኘ፤

መጀመር ከመጨረስ ይልቅ እጅግ የሚጣፍጥ በመሆኑና ይህም ጣዕም በሕግ ካልተገራ በቀር ቤቱ ወደ ክር መጋዘንነት እንደሚለወጥ ስለታመነበት፤

እኛ፣ የቁም ሣጥኑ ባለቤትና የመርፌዎቹ የበላይ ኃላፊ፣ የሚከተለውን አውጀናል።

ክፍል አንድ
ጠቅላላ ድንጋጌዎች

አንቀጽ 1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የጅምር ሹራቦች አዋጅ ቁጥር 4» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ጎረቤት በሌላ ስም ሊጠቅሰው አይችልም።

አንቀጽ 2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

1/ «ጅምር» ማለት ቢያንስ አንድ ረድፍ የተሠራለት፣ ቢያንስ አንድ እጅጌ የቀረው ማናቸውም ሹራብ፣ ካልሲ፣ ኮፍያ ወይም ምን ለመሆን እንደታሰበ የተረሳ ሥራ ነው፤

2/ «ወረት» ማለት አዲስ ልቃቂት ባየች ሴት ላይ በድንገት የሚወርድ፣ እንቅልፍ የሚነሳ፣ ወጥ የሚያሳርር፣ ብዙውን ጊዜ ጀርባው አልቆ ደረቱ ሲጀመር ሳይሰናበት የሚሄድ ሁኔታ ነው፤

3/ «ቀለበት» ማለት በመርፌ ላይ የሚሰለፍ የክር ዐይን ነው፤

4/ «መተርተር» ማለት የሦስት ሳምንት ሥራ በሦስት ደቂቃ ወደ ልቃቂትነት የሚመለስበት፣ ማንም በሌለበት የሚፈጸም ተግባር ነው፤

5/ «ተጠቃሚ» ማለት ሹራብ ቃል የተገባለትና ቃሉን ያልረሳ ዘመድ ነው፤

6/ በዚህ አዋጅ በሴት ጾታ የተገለጸው ወንድንም ያካትታል። በአገራችን ሴቷ ስትፈትል ወንዱ ሸማ ሲሠራ መኖሩ እየታወቀ፣ ያው ወንድ የሹራብ መርፌ ሲይዝ የሚሳቅበት ምክንያት ተሽሯል።

ክፍል ሁለት
መሠረት ስለ መጣል

አንቀጽ 3. አዲስ ሥራ ስለ መጀመር

1/ የሹራብ መነሻ ረድፍ መሥራት የመሠረት ድንጋይ ከማኖር ጋር እኩል ይቆጠራል። በመሆኑም ሥነ ሥርዓቱ በድምቀት ይከናወናል፤ ፎቶግራፍ ይነሳል፤ «በመጪው በዓል ይደርሳል» የሚል መግለጫ ለቤተሰቡ ይሰጣል። የየትኛው ዓመት በዓል እንደሆነ አይገለጽም።

2/ ማንኛዋም ሹራብ ሠሪ በእጇ ሁለት ጅምሮች እያሉ ሦስተኛ መጀመር አትችልም።

3/ የዚህ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 2 ቢኖርም፣ ሦስተኛ መጀመር የሚቻለው፦
ሀ) ዘመድ ወይም ጎረቤት ነፍሰ ጡር ከሆነች፤
ለ) ክሩ በቅናሽ ከተገኘ፤
ሐ) የተያዘው ሥራ ከሰለቸ፤
መ) ዝናብ ከጣለ ነው።

4/ ከእነዚህ አንዱም ባልተሟላበት ቀን ክልከላው ያለ ርኅራኄ ይፈጸማል።

አንቀጽ 4. የአዋጭነት ጥናት

1/ ማንኛውም ሹራብ ከመጀመሩ በፊት ወርዱም ቁመቱም ከ10 ሴንቲ ሜትር የማያንስ ናሙና ተሠርቶ፣ ታጥቦና ደርቆ ይለካል።

2/ ንድፉ በ10 ሴንቲ ሜትር 20 ቀለበት ይሆናል ብሎ፣ ዙሪያው 100 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን ሹራብ 200 ቀለበት ቢያዝ፣ እጇ ላላ ያለ ሠሪ ግን በዚያው ርዝመት ውስጥ 18 ቀለበት ብቻ የምታገባ ብትሆን፣ እነዚያው 200 ቀለበቶች 111 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። ትርፉ በወረቀት ላይ ጥቂት ይመስላል። ለባለቤቷ የታሰበው ሹራብ ባለቤቷን ከነወንበሩ እንደሚያስገባ የሚታወቀው ግን ተገጣጥሞ ከተሰፋ በኋላ ነው።

3/ «እጄን አውቀዋለሁ» ብላ ናሙናውን የዘለለች ሠሪ፣ ስህተቱን ለባሹን በማወፈር ማረም አትችልም።

አንቀጽ 5. ስለ ክር ግዢ

1/ ለአንድ ሹራብ የሚሆን ክር በሙሉ ባንድ ጊዜ ይገዛል። በልቃቂቱ መጠቅለያ ላይ ከቀለሙ ቁጥር ጎን የታተመው የማቅለሚያ ዙር ቁጥርም በሁሉም ላይ አንድ መሆኑ ይረጋገጣል። ያው ሰማያዊ በሌላ ቀን ሲነከር ሌላ ሰማያዊ ነውና። በሱቁ አምፖል ሥር የተስማሙ መስለው ይቆዩና፣ አንዱ ደረት ሌላው እጅጌ ሆኖ ፀሐይ ላይ ሲወጡ ጠባቸው ይገለጣል።

2/ ነጋዴው «ያው ነው የኔ እህት» ማለቱ እንደ ማስረጃ አይያዝም።

3/ ከአሜሪካም ሆነ ከአውሮፓ በዘመድ ሻንጣ የገባ ለስላሳ ክር «ለሚገባው ሥራ» ተብሎ ይቀመጣል። የሚገባው ሥራ እስኪገኝ ድረስ በየጊዜው ወጥቶ ይዳሰሳል፤ ጉንጭ ላይ ይደረጋል፤ ተመልሶ ይቀመጣል። ብል ከሠሪዋ ቀድሞ ሥራ የጀመረበት እንደሆነ ኃላፊነቱ የብሉ ነው።

ክፍል ሦስት
ስለ አፈጻጸም

አንቀጽ 6. የአፈጻጸም ሪፖርት

1/ ሁለት እጅጌ የቀረው ሹራብ «85 በመቶ ተጠናቋል» ተብሎ ሪፖርት ይቀርብበታል። በቀጣዩ ዓመትም 85 በመቶ መሆኑ የተገኘውን ውጤት አስጠብቆ እንደ መቆየት ይታያል።

2/ ለመጓተት ተቀባይነት ያላቸው ምክንያቶች የመብራት መቋረጥ፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ የዲዛይን ለውጥና የዝናብ መብዛት ናቸው። ዝናብ በአንቀጽ 3 ለመጀመር፣ በዚህ አንቀጽ ደግሞ ለማቆም ምክንያት መሆኑ እንደ ግጭት አይቆጠርም።

3/ «ወረቴ አለቀ» የሚለው ትክክለኛ ምክንያት በመሆኑ በሪፖርት ላይ አይጻፍም።

አንቀጽ 7. የሕፃናት ሹራብ

1/ ለሚወለድ ልጅ የተጀመረ ሹራብ ልጁ ክርስትና ከመነሳቱ በፊት ማለቅ አለበት። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ የሚጠመቁ በመሆኑ፣ ሴት ልጅ የተወለደች እንደሆነ ሠሪዋ የ40 ቀን ማራዘሚያ በነጻ ታገኛለች። ለአራሷ እልል ስትል የሹራቡን ነገር እያሰበች መሆኗ በሕግ አያስጠይቃትም።

2/ ልጁ ከሹራቡ ቀድሞ ያደገ እንደሆነ ሹራቡ ለታናሹ ይተላለፋል። ታናሽ ከሌለ ሠሪዋ ወላጆቹን «ለዚህ ልጅ ወንድም አታስቡለትም ወይ?» እያለች መወትወት አትችልም።

አንቀጽ 8. ያመለጠ ቀለበትን ስለ መመለስ

1/ ከመርፌ ያመለጠ ቀለበት ድምፅ አያሰማም። ከሥሩ ያሉትን እያስለቀቀ፣ ከኋላው መሰላል እየተወ ወደ ታች ይወርዳል። ሠሪዋ ደንግጣ ጨርቁን ብትጎትተው መንገዱን ታፋጥንለታለች።

2/ ስለዚህ ሥራው ጭን ላይ ተዘርግቶ ይቀመጣል። ኪሮሽ ይመጣል። በጫፉ የመጨረሻው ቀለበት ይያዛል፤ ከላዩ የተጋደመው የመሰላሉ ክር ተይዞ በቀለበቱ መሐል ይሳባል፤ እሱም በተራው ቀለበት ይሆናል። እንዲሁ አንድ አንድ ደረጃ እየተወጣ መርፌው ድረስ ይደረሳል። ሥራው በትክክል የተፈጸመ እንደሆነ ጉዳቱ የት እንደነበር ማንም አያውቅም፤ ሠሪዋም ለሚሰማትም ለማይሰማትም ስትናገረው ትውላለች።

3/ ይህ ሥራ በሂደት ላይ እያለ ከቤተሰቡ አንዱም አባል ሪሞት የት እንዳለ ሊጠይቅ አይችልም።

አንቀጽ 9. ስለ መቁጠር

ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ድምፅ የማይወጣት ሴት እየቆጠረች ነው። በዚህች ሴት አጠገብ ስልክ ቁጥር መናገር፣ የዕቁብ ብር መቁጠር ወይም «ዕድሜሽ ስንት ነበር?» ብሎ መጠየቅ በዚህ አዋጅ ከባድ ወንጀል ነው። 137 ላይ የተቋረጠች ሠሪ ከአንድ ጀምራ የምትቆጥርበትን ጊዜ ወጪ አጥፊው ይሸፍናል።

አንቀጽ 10. በስብሰባ ላይ ሹራብ ስለ መሥራት

በፈረንሳይ አብዮት ዘመን የፓሪስ ሴቶች ሹራባቸውን እየሠሩ ጉባኤ ይከታተሉ እንደነበር በታሪክ የታወቀ በመሆኑ፣ በዕድር ስብሰባ ላይም ይፈቀዳል። ሰብሳቢው «ለማጠቃለል ያህል» ካሉ በኋላ ቢያንስ ግማሽ እጅጌ እንደሚሠራ ልምዱ ስለሚያሳይ፣ ረጅም ተናጋሪዎች ለዘርፉ ላደረጉት አስተዋፅዖ ምስጋና ይቀርብላቸዋል።

ክፍል አራት
ስለ መተርተር

አንቀጽ 11. መርህ

1/ በአገር ውስጥ ተጀምረው ከቀሩ ነገሮች ሁሉ ጅምር ሹራብ የሚለይበት አንድ ክብር አለው፤ ይተረተራል። ፌሮው ወደ ሰማይ እንደተቀሰረ የቀረ ምሰሶ ወደ ሲሚንቶነት አይመለስም፤ የተገመሰ አስፋልትም አይጠቀለልም። ያላለቀ ሹራብ ግን ጫፉ ተፈልጎ ሲሳብ ሳይሰስት የተሰጠውን ክር በሙሉ ይመልሳል፤ ኦዲተርም አያስፈልገው።

2/ ስለዚህ መተርተር እንደ ውድቀት አይቆጠርም። የወሰደውን የመለሰ ጅምር ንጹሕ ጅምር ነው።

አንቀጽ 12. ሥነ ሥርዓት

1/ የተተረተረ ክር የቀድሞ ቀለበቶቹን ጠባይ ይዞ ስለሚወጣ እንደተጠማዘዘ ሥራ ላይ አይውልም። በወንበር መደገፊያ ዙሪያ ይጠመጠማል፤ እንዳይወሳሰብ በየቦታው ላላ ተደርጎ ይታሰራል፤ ለብ ባለ ውኃ ይነከራል፤ ተንጠልጥሎ ይደርቃል። ያን ጊዜ ይቃናል።

2/ ውኃው ለብ ያለ ይሁን የተባለው በምክንያት ነው። ሱፍ በሙቅ ውኃ ከታሸ ተኮማትሮ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወዲያ መተርተርም መልበስም አይቻልም። ለጎልማሳ የተሠራውን ለአሻንጉሊት ማልበስ ግን አልተከለከለም።

3/ ከሰልባጅ የተገዛ ሹራብ ተተርትሮ እንደ አዲስ ክር የማገልገል መብት አለው። የውጭ ሰው ጨርሶ የለበሰውን ያለቀ ሹራብ ገዝተን ወደ ጅምርነት መለወጣችን፣ በዘርፉ ከዓለም የሚለየን ተጨማሪ እሴት ተብሎ ይመዘገባል።

ክፍል አምስት
ስለ ተጠቃሚዎችና ስለ ቅጣት

አንቀጽ 13. የተከለከሉ ንግግሮች

1/ «እስካሁን አላለቀም?» ያለ ሰው፣ አንድ ሙሉ ጥቅል ክር ወደ ልቃቂት እስኪጠቀለል ድረስ ሁለት እጁን ዘርግቶ ክሩን በመያዝ ይቀጣል። ክንዱን ያወረደ እንደሆነ ቅጣቱ በሁለተኛ ጥቅል ይደገማል።

2/ «ከሱቅ ብትገዢው አይቀልልሽም?» ያለ ሰው፣ እስከ በረካ ድረስ ቡና ሳይሰጠው ሽታውን ብቻ እያሸተተ ይቀመጣል።

3/ «ለእኔም አንድ ሥሪልኝ፤ ክሩን እኔ እገዛለሁ» ያለ ሰው፣ ከሥራው ሁሉ ቀላሉንና አስደሳቹን ክፍል ለራሱ ለመውሰድ በመሞከር ወንጀል ይጠየቃል።

አንቀጽ 14. የተጠቃሚ ግዴታ

ሹራብ የደረሰው ሰው ይለብሰዋል። «ለክብር ቀን ይሁን» ብሎ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠ፣ ወይም ሠሪዋ ልትጠይቀው ስትመጣ ብቻ አውጥቶ የሚያጠልቅ ተጠቃሚ፣ ሹራቡ ተወስዶ ይተረተርበታል። «እጅጌው ትንሽ ረዘመ» የሚል ቅሬታ በጽሑፍ ሆኖ፣ እጁ በትክክል መለካቱን የሚያሳይ ማስረጃ ተያይዞበት ይቀርባል።

አንቀጽ 15. ስለ ማለቅ

1/ ሹራብ አለቀ የሚባለው ተሰፍቶ፣ የተንዘላዘሉት የክር ጫፎች በሙሉ በውስጥ በኩል በመርፌ ተሰውረው ሲያበቁ ነው። ጫፍ መሰወር ማንንም የማያስደስት ሥራ በመሆኑ፣ ብዙ ሹራቦች በዚህ ደረጃ ላይ እያሉ ወደ ፌስታል መግባታቸው ታውቆ ልዩ ክትትል ይደረግበታል።

2/ ሹራብ ያለቀላት ሠሪ «እንኳን ደስ አለሽ» ተብላ ሳትጨርስ ሌላ መነሻ ረድፍ ስትሠራ ብትገኝ አትያዝም። መርፌው ባዶ ከዋለ እጇ የት ይግባ?

ክፍል ስድስት
ልዩ ልዩ ድንጋጌዎች

አንቀጽ 16. የመሸጋገሪያ ድንጋጌ

ይህ አዋጅ ከመውጣቱ በፊት የተጀመሩ ሥራዎች በሙሉ በጳጉሜን ወር ውስጥ ይጠናቀቃሉ። ጳጉሜን አምስት፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ቀን ብቻ መሆኗ ከግንዛቤ ገብቷል፤ ለዚህም ነው የተመረጠችው።

አንቀጽ 17. የተሻሩ ልማዶች

«ይቺን አንዲት ረድፍ ጨርሼ እተኛለሁ» የሚለው የቆየ አሠራር በዚህ አዋጅ ተሽሯል። ተፈጻሚነቱ የሚጀምረው ይቺ ረድፍ ስታልቅ ነው።

አንቀጽ 18. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በየዓመቱ ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ፣ ማለትም ማንም ሹራብ የመጀመር ሐሳብ በሌለው ወራት፣ በሙሉ ኃይሉ የጸና ይሆናል። ዝናብ የጣለ ዕለት በራሱ ጊዜ ይታገዳል።

ከክር ሣጥኑ ጽሕፈት ቤት

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ (ቀኝ እጅጌውን በትዕግሥት እንዲጠብቅ)
ለድመቷ (ልቃቂቱን በሚመለከት በድጋሚ ለማሳሰብ)
ለክር ነጋዴው (ይህ አዋጅ እሱን የማይመለከተው መሆኑን አውቆ፣ ያን አረንጓዴ እስከ ቅዳሜ እንዲያቆይልን)