ቦይለሩን ማን ያጥፋ?

አዲስ አበባ ሙቅ ውኃ ፍለጋ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ላይ ነበር፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና ብርዱ ንጉሥ አይል፣ ጭፍራ አይል። እቴጌ ጣይቱ ፊንፊኔ ወደሚባለው ፍል ውኃ ወርደው ሲታጠቡ ቦታውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. ቤት አሠሩበት፣ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። ያኔ ውኃውን የሚያሞቀው መሬቱ ራሱ ነው። ቆጣሪ የለ፣ ካርድ መሙላት የለ። የዚያች ከተማ ነዋሪ የሆንን እኛ ደግሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ወጥተን፣ ሃምሳ ሊትር የሚይዝ ቦይለር መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅለን፣ ከሥሩ የምትበራውን ቀይ መብራት እያየን እንሳቀቃለን።

የቤታችን ፖለቲካ በሙሉ የሚሽከረከረው በዚያች ቀይ መብራት ዙሪያ ነው። አማቴ አብረውን መኖር ከጀመሩ ወዲህ ማብሪያ ማጥፊያው ዕረፍት የለውም። እሳቸው በማገዶ ያደጉ ናቸው፤ ሥራ የፈታ እሳት አይወዱም። ባለቤቴ ትለኩሳለች፣ እሳቸው ያጠፋሉ። ልጄ ትለኩሳለች፣ እሳቸው ያጠፋሉ። «እማዬ፣ ገና አልሞቀም እኮ!» ስትላቸው ባለቤቴ፣ «ድስት ሳይጣድ እሳት ይነዳል እንዴ? ልትታጠቢ ስትይ አትለኩሽውም?» ይላሉ።

ተቃዋሚው የባለቤቴ ወንድም ነው። እሁድ እሁድ ይመጣል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ቴክኒካዊ ማብራሪያውን ይሰጣል። «ጋሼ፣ ኤሌክትሪክ የሚበላው ሲነሳ ነው። ማብራት ማጥፋቱ ነው የሚያከስራችሁ። ዝም ብላችሁ ተዉት፤ አንዴ ከሞቀ በኋላ አይበላም።» አነጋገሩ እንደ ኢንጂነር ነው። እሱ የሚኖርበት ቤት ኪራይ ከነመብራቱ ነው።

እውነቱ ከአማቴ ጋር ነው። ሃምሳ ሊትር ውኃ ከአሥራ ስምንት ዲግሪ ተነስቶ ስልሳ ለመድረስ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በ1,500 ዋት ማሞቂያ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ውኃው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ሙቀቱ በቆርቆሮው በኩል ቀስ እያለ ይወጣል፣ ቦይለሩም የጎደለውን ለመሙላት በየጊዜው ይነሳል። ማንም ሳይታጠብ በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ በዚሁ ሊሄድ ይችላል። ውኃው በሞቀ መጠን የሚያፈሰው ሙቀት ይብሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይቀንሳል። ስለዚህ ሲጠፋ የሚያድነው፣ እንደገና ሲነሳ ከሚበላው ይበልጣል። ይህን በወረቀት አስልቼ ለባለቤቴ ወንድም አሳየሁት። ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ይሄ የቻይና ቦይለር ከሆነ ነው» አለ።

ቴርሞስታቱን ሰባ አምስት ላይ ሰቅሎ የሚተኛ ሰው ግን ገንዘቡን ለግድግዳ እያካፈለ ነው። ስልሳ ይበቃል። ከዚያ በታች ማውረድም ደግ አይደለም፤ ለብ ብሎ የሚውል ውኃ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ይራባበታል። የመብራት ታሪፉም ቢሆን ለዝንጉ አይመችም። ድሮም በእርከን ነው፣ ብዙ የሚጠቀም በውድ ይከፍላል፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ውኃ ሲኖር ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ያውም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሌላ ጉድ አለ። ቦይለር ሙቁን ውኃ የሚያወጣው ቀዝቃዛው ከታች ገብቶ ሲገፋው ነው። የሚገፋ ከሌለ የሚወጣ የለም። እናም ጠዋት ተነስተህ ቧንቧውን ስትከፍት አየር ብቻ ይልሃል፤ ቀና ስትል ቀዩ መብራት በርቷል፣ ሃምሳ ሊትር ስልሳ ዲግሪ የደረሰ ውኃ ከራስህ በላይ አለ፣ አንተ ግን በጆግ ከጀሪካን እየቀዳህ ፊትህን በበረዶ ትታጠባለህ። ለእስረኛው ስንቅ የምትከፍለው ግን አንተ ነህ።

የፎቁ ሰው መላ አያጣም። መጀመሪያ ቦይለሩን ከመብራቱ ማጥፋት፤ ይህን የረሳ በደረቁ አንድዶ ማሞቂያውን ያቃጥላል። ቀጥሎ የሙቅ ውኃውን ቧንቧ ከፍቶ አየር ማስገባት፣ ከዚያ ከሥር ያለችውን የሴፍቲ ቫልቭ ምላስ ቀና አድርጎ ባልዲ መደገን። ትኩስ ነውና ፊትን ዞር ማድረግ ይበጃል። ውኃው ግን ሲወርድ እንዴት ደስ ይላል!

ከዚህ የተማርነው ነገር ቢኖር ባልዲ ትልቅ መሣሪያ መሆኑን ነው። ሻወር በደቂቃ አሥር ሊትር ቢያፈስ፣ አሥር ደቂቃ የቆየ ሰው መቶ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ያፈሳል፤ ይህም ከሁለት ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ያልፋል። ሃያ ሊትር በባልዲ አመጣጥኖ፣ በጆግ እያፈሰሰ የሚታጠብ ሰው የዚያን አንድ አምስተኛ ነው የሚያወጣው። ይህን ለልጄ አስረዳኋት። «አባ፣ ፀጉር በጆግ ታጥበህ ታውቃለህ?» አለችኝ። መላጣ መሆኔን እያየች።

አንድ ሰሞን ከፍታችን ያግዘናል ብዬም ተስፋ አድርጌ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ካሉት ስምንት ዲግሪ ቅናሽ ተደርጎልናል። ግን ቅናሹ የሚጠቅመው ለሻይ እንጂ ለገላ አይደለም። ሰው የሚታጠበው በአርባ ነው፤ አርባ ደግሞ የትም አርባ ነው።

የቀረን ሶላር ነው። ፀሐይ እንደሆነች ከክረምቱ በቀር አትነፍገንም፤ የቪላ ቤት ሰዎች ጣሪያቸው ላይ በርሜሉን ከነቱቦው ደርድረው በነፃ ይታጠባሉ። እኔም ሐሳቡን ለብሎካችን ኮሚቴ አቀረብኩ። ሰብሳቢው «ጥሩ ሐሳብ ነው» ብለው ማስታወሻ ያዙ። ወዲያው የመሬት ወለሉ ሰውዬ እጃቸውን አወጡ፦ ጣሪያው የማን ነው? አራተኛ ፎቅ የምንኖረው «ከኛ በላይ ማን አለ?» አልን። «ጣሪያው የእናንተ ከሆነ» አሉ ሰውዬው፣ «አምና ሲያፈስ ለጥገናው ያወጣሁትን ገንዘብ መልሱልኝ።» የሁለተኛ ፎቅ ወይዘሮ ደግሞ ያ ጥገና ራሱ ከሐምሌ አላለፈም አሉ። ከዚያ በኋላ ሶላር ያነሳ ሰው አልነበረም፤ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ስለ ቆርቆሮው ሠራተኛ ሲጨቃጨቁ አምሽተው፣ አዲስ የጥገና መዋጮ ወስነው ተለያዩ።